ቋጠሮ ወይስ ክሪምፕ? የዓሣ ማጥመጃን ክር ስለ ማያያዝ

በአማርኛ «ቋጠረ» የሚለው ግስ ብዙ ሥራ አለው። መንገደኛ ስንቅ ይቋጥራል፤ እናት ገንዘቧን በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች፤ የተበደለ ሰው ቂም ይቋጥራል፤ ደመናም ዝናም ይቋጥራል። አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችን እነዚህን አራት አነጋገሮች ብታስተያዩ፣ ቋጠሮ በተባለ ነገር ሁሉ ውስጥ ለኋላ የሚጠበቅ ነገር እንዳለ ትረዳላችሁ። ስንቁ ለመንገድ፣ ገንዘቡ ለችግር ቀን፣ ቂሙም ለበቀል ይጠበቃል። ዛሬ የምንጽፍበት ቋጠሮም ከዚህ የተለየ አይደለም። አንድ ትልቅ ዓሣ በአንደኛው ጫፍ፣ ሰው በሌላው ጫፍ ሆነው ለሰዓታት ሲጓተቱ፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ አንድ ትንሽ ማያያዣ ነው። እርሱ ከያዘ ሁሉም ይያዛል፤ እርሱ ከላላ ግን ጀልባውም፣ ዘንጉም፣ የቀኑ ድካምም ከንቱ ይሆናል።

ከቀይ ባሕር ጀምሮ እስከ ሕንድ ውቅያኖስ ባለው ጠረፍ በሥራ ምክንያት የሚኖሩ ሰዎች የዕረፍት ቀናቸውን ዓሣ በማጥመድ ሲያሳልፉ፣ ሳይከራከሩበት የማይቀሩት አንድ ጥያቄ አለ። ክሩን ከመንጠቆው ጋር በእጅ መቋጠር ይሻላል? ወይስ ክሩን በትንሽ የብረት ቱቦ ውስጥ ሁለት ጊዜ አሳልፎ ቱቦውን በመጨመቂያ መጭመቅ? ይህን ሁለተኛውን አሠራር ነጋዴዎችም አጥማጆችም «ክሪምፕ» ይሉታል፤ እኛም በዚሁ ስም እንጠራዋለን። አንዱ ወገን «አባቶቻችን በቋጠሮ አጥምደው ኖረዋል» ይላል፤ ሌላው ወገን «ክሪምፕ የዘመኑ ሥራ ነው» ይላል። እኛ እንደምናየው ግን ጥያቄው የአሮጌና የአዲስ ጥያቄ አይደለም። እያንዳንዱ የራሱ ቦታ ስላለው፣ ቦታውን ለይቶ ማወቅ ነው የሚጠቅመው።

በመጀመሪያ የዕቃዎቹን ስም እንለይ። ከመጠቅለያው ተነሥቶ በዘንጉ ላይ የሚያልፈው ረዥሙ ክር ዋናው ክር ነው። ይህ ክር ቀጭን ነው፤ ቀጭን የሆነውም ብዙ መቶ ሜትር በአንድ መጠቅለያ ላይ እንዲጠመጠም ተብሎ ነው። ነገር ግን የዓሣ ጥርስ ወይም የባሕር ድንጋይ ቀጭኑን ክር ቢነካው በአንድ አፍታ ይበጥሰዋል። ስለዚህ በዋናው ክርና በመንጠቆው መካከል ወፈር ያለና ጠንካራ የሆነ ሌላ ቁራጭ ይገባል። የባሕር ሰዎች «ሊደር» የሚሉት ይህ ነው፤ እኛ የጫፍ ክር እንለዋለን። የጫፍ ክር ሁለት መጋጠሚያ አለው። አንደኛው ከዋናው ክር ጋር፣ አብዛኛውን ጊዜም በተሽከርካሪ ቀለበት አማካይነት፣ የሚገናኝበት ነው፤ ሁለተኛው ከመንጠቆው ጋር የሚገናኝበት ነው። ክርክሩ ሁሉ የሚነሣው በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ነው።

የጫፍ ክር ርዝመትም እንዲሁ በዘፈቀደ የሚወሰን አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1939 ዓ.ም. የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የስፖርት ዓሣ አጥማጆች ማኅበር፣ ክብረ ወሰን ሊያስመዘግብ የሚፈልግ ሁሉ የሚጠብቀው ደንብ አውጥቷል። በባሕር ላይ ዋናው ክር እስከ 10 ኪሎ የሚችል ከሆነ የጫፍ ክሩ ከ4.57 ሜትር እንዳይበልጥ፣ ዋናው ክር ከዚያ የበረታ ከሆነ ግን እስከ 9.14 ሜትር እንዲደርስ ደንቡ ይፈቅዳል። በወንዝና በሐይቅ ላይ ደግሞ ልኩ ከ1.82 ሜትር አይበልጥም። ክብረ ወሰን የማይመኝ ሰው እንኳ እነዚህን ልኮች ቢያውቅ ይጠቀማል፤ ከልክ በላይ የረዘመ የጫፍ ክር ዓሣው ጀልባው አጠገብ ሲደርስ ለመያዝ ያስቸግራልና።

አሁን ወደ አንድ የታወቀ ቦታ እንሂድ። በኬንያ ጠረፍ ከማሊንዲና ከዋታሙ ፊት ለፊት፣ ወደ ደቡብም ወረድ ሲሉ በሺሞኒና በፔምባ ደሴት መካከል ባለው ጥልቅ የባሕር መተላለፊያ፣ ትልልቅ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ይሰበሰባሉ። በስዋሂሊ «ካስካዚ» የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ በሚነፍስበት ወራት፣ ማለት ከኅዳር ገደማ አንሥቶ እስከ መጋቢት ድረስ፣ ማርሊን፣ ሴይልፊሽ፣ በስዋሂሊ «ጆዳሪ» የሚባለው ቱናና «ንጉሩ» የሚባለው ጥርሰ ስለታም ዓሣ በዚያ ይገኛሉ። አንድ ሰው በአንድ ቀን ከእነዚህ ሁሉ ጋር ሊገናኝ ስለሚችል፣ የማያያዣው ጥያቄ ከዚያ ይበልጥ ጎልቶ የሚታይበት ቦታ ጥቂት ነው።

እያንዳንዱ ዓሣ ክርን የሚያጠፋበት የራሱ ዘዴ አለው። ማርሊን ጥርሱ የሚያስፈራ አይደለም፤ ነገር ግን ከአፉ ፊት እንደ ጦር የወጣው አፍንጫው እንደ ሞረድ ሻካራ ነው። ራሱን በነቀነቀ ቁጥር ክሩን ይሞርደዋል። ንጉሩ በአንጻሩ እንደ ቢላዋ የተሳሉ ጥርሶች ስላሉት ናይሎኑን በአንድ ንክሻ ይቆርጣል። ሻርክም ጥርሱ ብቻ ሳይሆን ቆዳው ራሱ ክር ይበላል። ቱና ደግሞ ዐይኑ ጥሩ ስለሆነ ወፍራም ክር ካየ ይሸሻል። እንግዲህ ለማርሊን የሚሆነው ለቱና አይሆንም፤ ለቱና የሚሆነውም ለንጉሩ አይሆንም። ለሴይልፊሽ አብዛኛውን ጊዜ ከ36 እስከ 60 ኪሎ የሚችል፣ ውፍረቱም ወደ አንድ ሚሊሜትር የሚጠጋ ናይሎን ይበቃል። ለትልቁ ማርሊን ግን ከ136 እስከ 181 ኪሎ የሚችል፣ ውፍረቱም ወደ ሁለት ሚሊሜትር የሚቀርብ ክር ይደረጋል። ይህ የውፍረት ልዩነት ከፍ ብለን ላነሣነው ጥያቄ መልስ መስጫ ዋናው ነጥብ ስለሆነ አንባቢ ልብ ይበለው።

ቋጠሮ እንዴት እንደሚይዝ እንመልከት። ቋጠሮ የሚይዘው ክሩ በራሱ ላይ ተጠምጥሞ ራሱን ስለሚጨብጥ ነው። ለመንጠቆ የሚሆነውና በሰፊው የታወቀው ቋጠሮ የሚሠራው እንዲህ ነው። የክሩን ጫፍ በመንጠቆው ቀዳዳ ታሳልፋላችሁ። ከዚያ ጫፉን በክሩ ላይ አምስት ጊዜ ያህል ትጠመጥሙታላችሁ፤ ክሩ ወፈር ሲል ሦስት ጊዜ ይበቃል። ቀጥላችሁ ጫፉን መልሳችሁ በመንጠቆው አጠገብ በቀረችው ትንሽ ቀለበት ውስጥ ታስገባላችሁ፤ እንደገናም አሁን በተፈጠረው ትልቅ ቀለበት ውስጥ ታሾልኩታላችሁ። በመጨረሻ በምራቅ ወይም በውሃ አርጥባችሁ በዝግታ ታጠብቁታላችሁ።

ማርጠቡ ለወግ የሚደረግ አይደለም። ናይሎን በናይሎን ላይ ሲንሸራተት በሰበቃው ይሞቃል፤ ሙቀቱም በዐይን የማይታይ ጉዳት አድርሶበት ክሩን ያዳክማል። ደረቅ ቋጠሮ በፍጥነት ሲሳብ ገና ውሃ ሳይነካው ኃይሉን ያጣል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአገራችን ተረት ለዓሣ አጥማጅ የተነገረ ይመስላል።

በመልካም ሁኔታ የተሠራ ቋጠሮ እንኳ ክሩን ጥቂት ማድከሙ አይቀርም። ምክንያቱም ክሩ በቋጠሮው ውስጥ በጠባብ ቦታ ይታጠፋል፤ የእጥፋቱ ውጪ ሲለጠጥ ውስጡ ይጨመቃል፤ ጭነቱም በሁሉም አካሉ ላይ እኩል አይወድቅም። በክር ላይ ሳይታሰብ የሚፈጠረው ተራ ቋጠሮ የክሩን ኃይል እስከ ግማሽ ሊያጎድለው ይችላል። በጥንቃቄ የተሠራ ጥሩ ቋጠሮ ግን ከመቶ 80 ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነውን ኃይል ያስቀራል። እስከዚህ ድረስ ቋጠሮ የሚመሰገን ነው። መሣሪያ አይጠይቅም፤ ገንዘብ አያስወጣም፤ በጨለማም ሆነ በሚናወጥ ጀልባ ላይ በሁለት እጅ ይሠራል።

ይሁን እንጂ ቋጠሮ አንድ ወሰን አለው፤ ወሰኑም የሰው ክንድ ነው። ክሩ እየወፈረ ሲሄድ ግትር ይሆናል። አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ናይሎን በጓንቲና በፒንሳ ተረድቶ ማጥበቅ ይቻላል። ወደ ሁለት ሚሊሜትር የሚጠጋውን ግን ብርቱ ሰው እንኳ በእጁ አጥብቆ ሊያስቀምጠው አይችልም፤ ጥምጥሙ ሳይቀመጥ ይቀራል። ሳይጠብቅ የቀረ ቋጠሮ ዓሣው በሚጎትትበት ጊዜ ራሱ ሊጠብቅ ይንሸራተታል፤ በመንሸራተቱም ይሞቃል፤ ወይም ከነጭራሹ ይፈታል። የቋጠሮው ጉብታም ትልቅ ስለሚሆን የማባበያውን አካሄድ ያበላሻል። በአጭሩ 100 ኪሎ የማይችል ክር ላይ ቋጠሮ ጌታ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲወጡ ክሪምፕ ተራውን ይይዛል።

የክሪምፕ አሠራር ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ክሩ በትንሿ ቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ በመንጠቆው ቀዳዳ ዞሮ ተመልሶ በዚያችው ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ ቱቦዋም በመጨመቂያ ትጨመቃለች። ክሩ በጠባብ ስለማይታጠፍ በሚገባ የተሠራ ክሪምፕ ከክሩ ሙሉ ኃይል ብዙ አያጎድልም። ነገር ግን «በሚገባ» የምትለው ቃል አራት ነገሮችን በውስጧ ቋጥራለች።

አንደኛው ልክ ነው። ቱቦው ሁለቱን የክር ድርብ አስገብቶ ጥቂት ብቻ ቦታ የሚተርፈው መሆን አለበት። ከሰፋ ክሩ ይሾልካል፤ ከጠበበ ክሩ ሲገባ ይላጣል።

ሁለተኛው የቱቦው ብረት ነው። ለናይሎን የሚመረጠው ለስላሳው አሉሚኒየም ነው። ከብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች ለተጎነጎነ የማይዝግ ብረት ገመድ ግን የመዳብ ቱቦ ይሻላል። አሉሚኒየምና የማይዝግ ብረት በጨው ውሃ ውስጥ ተነካክተው ሲቆዩ አሉሚኒየሙ እየተበላ ያልቃልና።

ሦስተኛው መሣሪያው ነው። የመጨመቂያው አፍ ለቱቦው ልክና ቅርጽ የተሠራ መሆን ይገባዋል። ሞላላ ቱቦ ሞላላ አፍ ይፈልጋል፤ ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ያለው ቱቦም የራሱን አፍ ይፈልጋል። በተራ ፒንሳ የተጨፈለቀ ቱቦ በአንድ በኩል ክሩን ይቀጠቅጠዋል፤ በሌላው በኩል ግን ልል ሆኖ ይቀራል። ብዙ ሰው «ክሪምፕ ከዳኝ» ብሎ የሚያማርረው በዚህ ምክንያት ነው።

አራተኛው የቱቦው ሁለት ጫፎች ናቸው። ጭመቃው ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሆነ የቱቦው ጠርዝ እንደ ምላጭ ሆኖ ክሩን ይቆርጣል። ስለዚህ መካከሉ ብቻ ተጨምቆ ሁለቱም ጫፎች እንደ መለከት አፍ ጥቂት ተከፍተው መቅረት አለባቸው። በመንጠቆው ቀዳዳ ውስጥ የሚያልፈው የክሩ ቀለበትም እንዳይበላ ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ ቢለብስ መልካም ነው። አንዳንድ አጥማጆች የክሩን ትርፍ ጫፍ በእሳት ጥቂት አቅልጠው ትንሽ ራስ ያበጁለታል። ይህም ክሩ ወደ ኋላ እንዳይሾልክ ይረዳል፤ ዳሩ ግን እሳቱ ዋናውን ክር ቢነካው ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበዛል።

እንግዲህ ሁለቱን እናወዳድር። ብዙ ጊዜ ሰዎች የሚያወዳድሩት በኃይል ነው፤ «ይህ ከመቶ 80 ይይዛል፤ ያ ከመቶ 95 ይይዛል» እያሉ ይከራከራሉ። በሒሳብ ስናየው ግን ይህ ክርክር ያን ያህል የሚጠቅም አይደለም። ለምሳሌ ዋናው ክር 37 ኪሎ የሚችል ነው እንበል። አጥማጁ የመጠቅለያውን ፍሬን የሚያስተካክለው በዚህ ኃይል አንድ ሦስተኛ ገደማ፣ ማለት በ12 ኪሎ አካባቢ ነው። ዓሣው ከዚያ በላይ ከጎተተ መጠቅለያው ይለቃል እንጂ ክሩ አይበጠስም። የጫፍ ክሩ 136 ኪሎ የሚችል ቢሆንና ቋጠሮው ከመቶ 20 ቢያጎድልበት፣ ገና ወደ 109 ኪሎ የሚጠጋ ኃይል ይቀረዋል። እንግዲያው ዓሣው ሩቅ ሳለ ቋጠሮውም ክሪምፑም ከሚፈለገው በላይ የበረቱ ናቸው። የጫፍ ክር የሚወፍረው መጎተትን ለመቻል ብቻ ሳይሆን ይበልጡን መሞረድን ለመቻል ነው።

ታዲያ ልዩነቱ የት ላይ ነው? እኛ እንደምናስበው ልዩነቱ ጉድለትን በማሳየትና በመደበቅ ላይ ነው። ቋጠሮ ጉድለቱን አይደብቅም። ጥምጥሙ ተደራርቦ እንደ ሆነ፣ ጫፉ አጥሮ እንደ ሆነ፣ ክሩ ተቃጥሎ ነጣ ብሎ እንደ ሆነ፣ በዐይን ይታያል፤ በጥፍርም ይዳሰሳል። ክሪምፕ ግን ሥራውን ሁሉ በብረት ውስጥ ሸፍኖ ይይዛል። ከልክ በላይ ተጨምቆ ክሩን ቢጎዳውም፣ ከልክ በታች ተጨምቆ ልል ቢሆንም፣ ከውጪ ሲያዩት ያብረቀርቃል። ስለዚህ ቋጠሮን የሚመረምር ሰው ዐይኑን ያምናል፤ ክሪምፕን የሚመረምር ሰው ግን መሣሪያውንና ሥራውን የሠራውን እጅ ማመን አለበት። ባልሞከረው መሣሪያ የተሠራ ክሪምፕ ይዞ ወደ ባሕር የሚወጣ ሰው፣ ያልተነበበ ውል ፈርሞ እንደሚሄድ ሰው ነው።

ይህ ነገር ጨዋታ የማይሆንበት አንድ ሰዓት አለ፤ እርሱም ዓሣው ጀልባው አጠገብ የሚደርስበት ሰዓት ነው። በዚያን ጊዜ ከጀልባው ሠራተኞች አንዱ ጎንበስ ብሎ የጫፍ ክሩን በጓንቲ በተሸፈነ እጁ ይይዛል። ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ የመጠቅለያው ፍሬን ሥራውን ጨርሷል፤ በዓሣውና በሰውየው እጅ መካከል ክሩና ማያያዣው ብቻ ቀርተዋል። መቶ ወይም ሁለት መቶ ኪሎ የሚመዝን ማርሊን ድንገት ወደ ታች ቢጠልቅ፣ ከላይ የሠራነው የ12 ኪሎ ሒሳብ ይፈርሳል። ማያያዣው በዚያች ቅጽበት ቢለቅ ሰውየው ወደ ኋላ ይወድቃል፤ መንጠቆውም ተፈናጥሮ ሊመለስ ይችላል። ክሩ በእጁ ላይ ተጠምጥሞ ቢጠብቅበት ደግሞ ጣቱን ሊያጣ፣ ከዚያም ብሶ ከጀልባው ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ክሩን የሚይዘው ሰው ወዲያው ሊለቀው በሚችልበት ዘዴ ብቻ መያዝ አለበት። የተለቀቀውም ክር እግሩ ሥር ተከምሮ እንዳይጠላልፈው ሌላ ሰው ከኋላው ሆኖ ወደ ጎን ማድረግ ይገባዋል። የጫፍ ክሩን ያሰረ ሰው የዚህን የጓደኛውን እጅ እያሰበ ይሠራ ዘንድ እንመክራለን። የሚከራከሩበት ቋጠሮና ክሪምፕ በመጨረሻው የሌላ ሰው ጣት ነውና።

በዓሣውም በኩል ኃላፊነት አለ። በአሁኑ ዘመን በኬንያ ጠረፍ የሚያዙት ብዙዎቹ ማርሊንና ሴይልፊሽ ምልክት ተደርጎባቸው ወደ ባሕሩ ይመለሳሉ። ማያያዣው ከዋናው ክር ጋር በሚገናኝበት በላይኛው ጫፍ ቢበጠስ፣ ዓሣው መንጠቆውንና ብዙ ሜትር ወፍራም ክር እየጎተተ ይሄዳል፤ ክሩም ከድንጋይ ጋር ሊያጠላልፈውና ሊገድለው ይችላል። ዓሣን በሕይወት እለቃለሁ የሚል ሰው፣ ክሩን ከመንጠቆው አጠገብ ቆርጦ እስኪለቀው ድረስ የሚያደርስ አስተማማኝ ማያያዣ ካልሠራ ቸርነቱ ከንግግር አያልፍም።

ከሁለቱ ሌላ ሦስተኛ መንገድም አለ። ለንጉሩና ለባራኩዳ ናይሎን ስለማይበቃ ነጠላ የብረት ሽቦ ይደረጋል። ነጠላ ሽቦ ግትር ስለሆነ አይቋጠርም፤ ለስላሳ ገጽ ስላለውም በክሪምፕ ውስጥ ይሾልካል። የሚያያዘው በመጎንጎን ነው። ሁለቱ የሽቦ ክንዶች ለጥቂት ዙር እኩል እርስ በርስ ይጎነጎናሉ፤ ቀጥሎም የተረፈው ጫፍ በዋናው ሽቦ ላይ ተጠጋግቶ ይጠመጠማል። አንዱ ክንድ ቀጥ ብሎ ሌላው ብቻ ከተጠመጠመበት ግን ሲጎተት ይንሸራተታል። ትርፉንም ጫፍ በፒንሳ መቁረጥ አይገባም፤ ወዲያና ወዲህ እያጠፉ መስበር ነው እንጂ። የተቆረጠ ሽቦ እጅ የሚቦጭቅ ስለት ይተዋልና።

ስለ ባሕር ብዙ ተናግረን ሐይቆቻችንን ብንተው አይገባም። በአርባ ምንጭ አጠገብ ባለው በጫሞ ሐይቅ ውስጥ ሁለት ዓሦች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ እነርሱም የናይል ፐርችና ታይገርፊሽ ናቸው። እነዚሁ ሁለቱ በቱርካና ሐይቅም ይገኛሉ። የናይል ፐርች እጅግ ትልቅ ይሆናል፤ ነገር ግን የሚቆርጥ ጥርስ የለውም፤ ከንፈሩ ሻካራ፣ የስንጥቡ ክዳን ጠርዝ ስለታም ነው። ስለዚህ ከ36 እስከ 45 ኪሎ የሚችል ናይሎን ይበቃዋል፤ ይህንንም ክር ማንም ሰው በእጁ ሊቋጥረው ይችላል። ለፐርች ክሪምፕ መፈለግ ለአንድ እንጀራ ሙሉ ጎተራ እንደ መክፈት ነው። ታይገርፊሽ ግን መጠኑ አነስተኛ ሲሆን ጥርሱ ናይሎን የሚቆራርጥ ስለሆነ አጭር የሽቦ ጫፍ ያስፈልገዋል። ከዚህ እንደምንረዳው ማያያዣን የሚመርጠው የዓሣው ክብደት ብቻ ሳይሆን አፉ ነው። በዚያ ሐይቅ ዳር የሚያጠምድ ሰው አዞዎቹንም አይርሳ፤ ቋጠሮ ለመሥራት ጎንበስ የሚባለው ከውሃው ራቅ ብሎ ነው።

ባለ ሞያው ዓሣ አጥማጅስ? ዘንግና መጠቅለያ ሳይኖረው በባዶ እጁ ክር የሚጎትተው የጠረፍ ሰው ፍሬን የሚሆነው የራሱ መዳፍ ነው። ለእርሱ የጠፋ መንጠቆ የጠፋ እራት ነው። መጨመቂያውና ቱቦው የገንዘብ ጉዳይ ስለሆነበት ቋጠሮን ቢመርጥ ኋላ ቀር አያሰኘውም። ዕለት ዕለት የሚቋጥር እጅ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ከሚነካ መጨመቂያ ይልቅ የታመነ ነው።

በመጨረሻ በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚገባውን ሙከራ እንንገር። ወደ ባሕር ከመውጣታችሁ በፊት በነበረው ምሽት ሁለት ክንድ የሚሆን የጫፍ ክር ቁረጡ። በአንደኛው ጫፍ ቋጠሮ፣ በሌላው ክሪምፕ ሥሩ። ክሩንም ለሁለት ሰዓት ያህል በውሃ ውስጥ አኑሩት፤ ናይሎን ውሃ ሲጠጣ ጥቂት ስለሚዳከም በደረቅ መሞከር ያታልላል። ከዚያ የዐይን መከላከያ መነጽር አድርጋችሁ፣ ልጆችንም አርቃችሁ፣ መንጠቆ ሳይሆን ጠንካራ ቀለበት አስገብታችሁ ክሩን በሚንጠለጠል ሚዛን ላይ ሳቡት። ክሩ ቀጭን ከሆነ እስኪበጠስ ድረስ ሳቡት፤ ወፍራም ከሆነ ግን ፍሬኑ ከሚይዘው እጥፍ ድረስ ስባችሁ ማያያዣውን ተመልከቱ። ሾልኮ ከሆነ ልል ነበር፤ በቱቦው ጠርዝ ላይ ተቆርጦ ከሆነ ከልክ በላይ ተጨምቆ ነበር፤ በቋጠሮው አጠገብ ነጥቶ ከተበጠሰ በደረቁ ተስቦ ነበር። የተበጠሰው ክር የሚናገረውን የሚሰማ ሰው ከመጽሐፍ ይልቅ ከእርሱ ብዙ ይማራል።

በባሕሩም ላይ ከእያንዳንዱ ዓሣ በኋላ የጫፍ ክሩን በጣቶቻችሁ መካከል አሳልፉት። ሻካራ ሆኖ ካገኛችሁት ያን ቦታ ቆርጣችሁ ማያያዣውን እንደገና ሥሩ። ወደ ቤት ስትመለሱ በንጹሕ ውሃ እጠቡት፤ ፀሐይ በማያገኘው ቦታም አስቀምጡት። አረንጓዴ የወጣበትን የመዳብ ቱቦና ነጭ ዱቄት ያበቀለውን አሉሚኒየም ያለ ርኅራኄ ጣሉት።

እንግዲህ የክርክሩን ፍርድ በአጭሩ እንስጥ። እጅ አጥብቆ ሊያስቀምጠው የሚችለውን ክር ቋጥሩት፤ እጅ የማይችለውን በትክክለኛው መሣሪያ ጭመቁት፤ ጥርስ የሚቆርጠውን በሽቦ ተኩት። በሦስቱም ላይ ግን አትቸኩሉ፤ የሠራችሁትንም ሳትፈትኑ ለሌላ ሰው እጅ አትስጡ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደተባለው፣ ቀጭን ክር ትልቅ ዓሣ መያዝ ይችላል። የሚያብረው ግን ጫፍና ጫፉ በሚገባ የተያያዘ እንደ ሆነ ነው።